እማማ ነገረችኝ

«ይሄን ማን ነው ያለው?» ትላለች ኮሪን፣ ኬዛያ ለጥናቷ ማስታወሻ የጻፈችበትን ካርድ ከፍ አድርጋ ለክፍሉ እያሳየች።

«እማማ ነገረችኝ» ትላለች ኬዛያ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱንም የነገረችኝ እማማ ናት።»

ልጆቹ ይስቃሉ። እማማ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ከኋላ፣ ከብስኩቱ ሳህን አጠገብ ተቀምጫለሁ። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ሳንልክ ቤት የምናስተምር ቤተሰቦች ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት እንሰበሰባለን። ደንባችን ደግሞ ደንብ ነው፤ የመክሰስ ተራ የደረሳት ከኋላ ትቀመጣለች፣ በሌላዋ ሴት ትምህርት መሐል አፏን አትከፍትም። እኔም አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ኬዛያ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ሥራ ስለምትውል ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ማባዛትም በባቄላ ፍሬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ዘንድሮ የጥናት ጽሑፍ መጀመር አለባት ተባለና፣ «እማዬ፣ ይሄ እንኳ ይቅርብሽ» ብላ እናቷ ለኮሪን ሰጠቻት። ኮሪን ኮሌጅ የጨረሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ልጅ እግር ናት። ከዚያ ወዲህ ሚስ ኮሪን ያልተነሳችበት እራት በልተን አናውቅም። ባለፈው ኬዛያ የበቆሎ ዳቦዬን እያላመጠች፣ «ሚስ ኮሪን ስኳር ታደርግበታለች» አለችኝ። ኬንታኪ ውስጥ፣ ስኳር ነውር በሆነበት የበቆሎ ዳቦ ላይ፣ ስኳር። በዳቦዬም መጣችብኝ ማለት ነው።

እናም የኬዛያ ካርዶች ሁሉ በኔ ስም ተሞልተው ሳይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ኬዛያ የምትጽፈው ባቡሩ ወደ ሸለቆአችን መምጣቱን ለምን እንደተወ ነው። ባቡሩን ከኔ በቀር ማን ያውቅላታል? ኮሪን ያኔ አልተወለደችም፤ እናቷም አልተወለደችም።

«ያንቺስ እማማ ደህና ናት» ይላታል ኬዛያን አሞስ የሚባለው ባለ ቀይ ጸጉር ልጅ፣ «የኔ እናት ዓሣ ነባሪ እንቁላል ይጥላል ብላኛለች።»

ኮሪን አብራቸው ትስቃለች። ከዚያ ካርዶቹን ለኬዛያ ትመልስላታለች። «እማማሽ ምስክር ናቸው። ምስክር ደግሞ ይጠየቃል። ሂጂና እንደማታውቂያቸው ሰው አድርገሽ ጠይቂያቸው።»

እንደማታውቂያቸው ሰው። ይቺ ልጅ ምን በደልኳት?

ኬዛያ ወንበሯን እየጎተተች ትመጣና ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። እርሳሷን ታሾላለች።

«ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ።»

«ስሜ ጠፋሽ እንዴ?»

«እማማ፣ በናትሽ» ትላለች በሹክሹክታ። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን ታስተካክላለች። «ስምዎን።»

«ኦፓል ስታምፐር።»

«የመጨረሻው ባቡር ሲሄድ በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ እንጂ። በረዶ ይጥል ነበር።»

«የት ሆነው ነው ያዩት?»

«አባቴ ትከሻ ላይ።»

ትጽፋለች። «ባቡሩ የቀረው የማዕድኑ የድንጋይ ከሰል ስላለቀ ነው ብለዋል። ይሄን ማን ነገረዎት?»

«አባቴ ነዋ።»

«አባትዎ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ?»

«ፀጉር ቆራጭ ነበር።»

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «ታዲያ እሳቸውን ማን ነገራቸው?»

ቀና ብዬ ኮሪንን አያለሁ። ብታየኝ ኖሮ የሆነ ነገር ፈጥሬ እመልስ ነበር፤ እሷ እያየች መሸነፍ አልፈልግም። ግን አሞስ ላይ አጎንብሳ የዓሣ ነባሪውን ካርድ ታርምለታለች።

«እኔ እንጃ» እላለሁ። «ጠይቄው አላውቅም።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ይህችን ልጅ «እኔ እንጃ» ስላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ታዝንብኛለች፣ አሁን ልቧ ወደዚያችኛዋ ጨርሶ ይሄዳል ብዬ እጠብቃለሁ።

እሷ ግን ወደኔ ትጠጋለች። ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቅሎ። ጉንጯ ቀልቷል። «እንግዲያ ከሰሉ አልቆ ላይሆንም ይችላል» ትላለች ቀስ ብላ። «ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ማንም አላጣራውማ።»

ቤት ስናጠና ጎን ለጎን ነን፤ አንድ መጽሐፍ ላይ ሁለታችን እናጎነብሳለን። የጸጉሯን መሐል ስንጥቅ አውቀዋለሁ፣ በቀለም የዘፈቀችውን አውራ ጣቷን አውቀዋለሁ። ጥያቄ ሲይዛት ፊቷ እንዲህ እንደሚበራ ግን አላውቅም ነበር። ኮሪን ከሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ይህን ፊት ታያለች።

ኬዛያ ካርዷን ይዛ ወደ እሷ ልትሮጥ ብድግ ስትል እጅጌዋን እይዛለሁ።

«ቆዪ» እላታለሁ። «ሌላም ጠይቂኝ።»