ያልተቀመጠው መልእክት

«ድሮ እዚህ የነበሩት የቴሌግራም ሹምም ሆኑ እርሳቸውን የተኩት አርታዒ፣ የገባውንና የተቀመጠውን መልእክት ሳያመሳክሩ ዜና ወደ ስቱዲዮ አያሳልፉም ነበር» አሉ የሬድዮ ጣቢያው የመዝገብ ክፍል ኃላፊ፣ ደብተራቸውን በወጣቱ ፕሮግራመር ፊት እየዘረጉ።

ወጣቱ ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ የጻፍኩት የኮምፒውተር ስክሪፕት አይደክመው፣ ሻይ አያምረው! የመጣውን ዜና ራሱ ርእስ በርእስ ለይቶ በጋራው ማህደር ያስቀምጣል። ደብተሩም ከነገ ጀምሮ እንዲቀር ታዟል አይደል?»

«ነገ ሲደርስ ይቀራል። ዛሬ ግን በእኔ ደብተር ከማለዳ ጀምሮ አርባ አንድ መልእክት ገብቷል። በማህደርህ ስንት አለ?»

ወጣቱ ትእዛዝ ጻፈ። «አርባ።»

«አንዱን ታዲያ ጅብ በላው?»

የቀትሩ ዜና ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አንባቢዋ ከማህደሩ የታተመላትን ወረቀት ይዛ ስቱዲዮ ገብታለች። በወረቀቱ ላይ አንድ አውቶቡስ ተገልብጦ የሾፌሩ ሕይወት ማለፉ፣ ስሙም ከነአባቱ ተጽፏል።

ኃላፊው ጣታቸውን በደብተሩ መስመሮች ላይ አወረዱ። «የአውቶቡስ አደጋ» የሚለው ርእስ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ አንዱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሌላው አምስት ሰዓት ላይ።

«ርእሱ አንድ ከሆነማ ድጋሚ ነው ብሎ ይጥለዋል» አለ ወጣቱ። «እኔው ነኝ ያዘዝኩት። የዜና ወኪሎቹ አንዱን ዜና ሦስቴ ይልኩታላ!»

«የጣለውን አምጣው።»

የተጣለው መልእክት ተከፈተ። ወጣቱ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁ ግን እየሰለለ ሄደ። «ማረሚያ። ሞተ ተብሎ የተገለጸው ሾፌር በሕይወት አለ። እግሩ ተሰብሮ በሕክምና ላይ ይገኛል።»

ሽማግሌው ለወጣቱ ያዘጋጁትን ተግሣጽ ተዉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ኮሪደር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰው፣ «ሩጥ!» ብለው ጮኹ።

ወጣቱ ማረሚያውን አትሞ ወረቀቱን ከማተሚያው ነጥቆ በረረ። እርሳቸው በግድግዳው ድምፅ ማጉያ ሥር ወገባቸውን አቅንተው ቆሙ። የመጀመሪያው ዜና ተነበበ፤ ሁለተኛው ተነበበ። ከዚያ የወረቀት መንኮሻኮሽ ተሰማ።

«...ሾፌሩ በሕይወት የሚገኝ ሲሆን...»

ያን ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ወጣቱ እያለከለከ ተመለሰ። ከበሩ ወዲህ አላለፈም።

«ሞቷል ብለን አንብበን፣ የሾፌሩ እናት ሬድዮ ከፍተው ቢሆንስ ኖሮ፣ ጋሼ?» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስክሪፕቱ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»