የአጭር ቀን ክፍል

በቤተ ሙከራው የአጭር ቀን ክፍል ያለው ስፒናች ለሦስተኛ ጊዜ ተመዞ አደገ። ብርሃን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ስፒናች አፈሩ ላይ ተነጥፎ መቅረት ነበረበት፤ ግንዱን የሚያስመዝዘው ሆርሞን በቅጠሉ ውስጥ የሚበዛው ቀኑ ሲረዝም ነው። ተማሪዋ ቆማ አየችው። መናደድ እንኳ አቃታት።

ከሚስታቸው ተለያይተው ከቤት ከወጡ ወዲህ ቁጡ የሆኑት አማካሪዋ ዶክተር ይልቃል፣ መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ዓይናቸውን አጥብበው ተክሉን አዩ።

"ብርሃን አስገብተሻል። በዚህ ውጤት ዲግሪውን እርሺው!"

"መብራቱ በሰዓቱ ራሱ ይጠፋል፤ በሩን እቆልፋለሁ። ቁልፉ ያለው እኔና እርስዎ ጋ ብቻ ነው።"

"ታዲያ እኔ ነኝ በጨለማ ስፒናች የምጠብቀው?" ብለው ወጡ።

ተክሎቹን ልትነቅል ብርሃን የሚከልለውን ጥቁር መጋረጃ ገልጣ ወደ ውስጥ ዘለቀች። ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ ፍራሽ ተነጥፏል። ራስጌው ላይ የማንበቢያ መብራት አለ፤ ትራሱ ላይ መነጽር።

ቢሯቸው ሄዳ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

"ዶክተር፣ የአጭር ቀኑን ሙከራ ወደ ሌላ ክፍል ላዛውረው? የአሁኑን ክፍል የረጅም ቀን ክፍል እንበለው።"

መነጽሩን አጠለቁ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው፤" አሉ ቀና ሳይሉ። "መጋረጃው ግን ባለበት ይቆይ።"