ለችግረኛ የተያዘ ወንበር

«እማዬ፣ በናትሽ አውልቂው! የምንሄደው ሠርግ አይደለም፤ ድሃ ነን ልንል ነው!»

«ድሃ ነን እንላለን እንጂ ድሃ መስለን አንቀርብም» አለች እናቷ፣ ከጎረቤቷ ከእትዬ የሺመቤት የተዋሰችውን ወፍራም የወርቅ ሐብል አንገቷ ላይ እያስተካከለች።

ልጅቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጥሏታል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቀራት በር የሪሚዲያል ትምህርት ነው፤ የእሱን ክፍያ ደግሞ እናትና ልጅ ቢሸጡም አይሞሉትም። አንድ ኮሌጅ ችግረኛ በነፃ ከሚያስተምርባቸው ወንበሮች አንድ ቀርታለች ሲባል ሰምተው ነው ዛሬ የሚሮጡት።

ቢሮ ሲገቡ ነፃ ወንበሩን የሚሰጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሁለቱንም አላየችም። ያየችው ሐብሉን ነው።

«ችግረኛ ነን ነው ያሉኝ?»

«በጣም እንጂ!» አለች እናት ደረቷን ነፍታ። ወርቁ ይብሱኑ አብረቀረቀ። ልጅቱ በሆዷ ዩኒቨርሲቲን ተሰናበተች።

ሰብሳቢዋ ከወንበሯ ተነስታ መጣችና ሐብሉን በጣቷ ቀና አድርጋ አየችው።

«የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የራሴ ነዋ! እናቴ ያወረሰችኝ!»

«አይ እማዬ» አለች ልጅቱ፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና።

ሰብሳቢዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ማመልከቻው ላይ ፈረመች፤ ማኅተሙንም ደህና አድርጋ መታችው።

«ሰኞ ትጀምሪያለሽ» አለቻት ልጅቱን። ከዚያ ወደ እናትየው ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሐብሉን ሲመልሱ እትዬ የሺመቤትን ሰላም ይበሉልኝ። እኔም የተዳርኩት እሱኑ ተውሼ ነው።»