ከመስኮቱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

«መልስ የለም» ትላለች ቀጮዋ፣ መስኮት አንድ ላይ የተቀመጠችው ካርድ አውጪ። «ስማቸውን ጻፍኩ፤ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ከዚያ ተቋረጠ ብሎኝ ቁጭ።»

ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰልፉ እስከ ውጭው በር ደርሷል። ሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ክሊኒኩ ያለ ወረቀት ካርድ ሥራ የሚጀምረው ዛሬ ነው።

ላፕቶፕ ይዛ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ እናት ባዶው የካርድ መደርደሪያ ሥር ወንበር ይዛለች። ሠላሳ ዓመት የሠራችው እዚችው ክፍል ነው፤ ጡረታ ከወጣች ገና ዓመቷ። ዛሬ የመጣችው ለወግ አይደለም። «ይህን ሥራ ለልጄ ስጧት፣ ካሳፈረችኝ ወቀሳው በኔ» ብላ ኃላፊውን የለመነች እሷ ናት።

ልጅቷ ስምንት ወር ሙሉ አርባ ሺህ ካርድ ከወረቀት ስታሻግር ከርማለች። የት እንዳሻገረችው ለእናቷ ለማስረዳት ግን ሌላ ስምንት ወር ሊፈጅ ምንም አልቀረውም።

«ደመና ላይ ነው» አለቻት አንድ ቀን። «ማሽኑ ሩቅ ነው፣ በኢንተርኔት ነው የምንደርሰው፤ የሚጠብቁትም ሌሎች ናቸው። ሰው ሲበዛ ይሰፋል፣ ሲያንስ ይጠባል፣ ጠያቂ ሲያጣ ይተኛል።»

«ደመና ላይ ያለው አንድዬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

«እሱን ማን ነካው እማዬ፤ እኛ ጥግ ነው የተከራየነው።»

አሁን ኃላፊው ዶክተር ይገባል። በእጁ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዟል፤ የወረቀት ካርዶቹ ያሉት እዚያ ነው።

«ሞተ?»

«አልሞተም ዶክተር» ትላለች ልጅቷ፣ ከላፕቶፗ ቀና ሳትል። «ተኝቶ ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከሞከርኩት ወዲህ የጠየቀው ሰው የለም። ለመንቃት ሃያ ሰከንድ ይፈልጋል፣ የመስኮቱ ኮምፒውተር ደግሞ አሥር ብቻ ጠብቆ ይተወዋል። ያን ማስተካከል የኔ ፋንታ ነበር። አሁን ነቅቷል።»

ቀጮዋ ደግማ ትሞክራለች። የሽማግሌው ካርድ ብቅ ለማለት ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳን አልፈጀበትም።

የዶክተሩ ፊት ግን አልተፈታም። «ነገስ? በየጠዋቱ የመጀመሪያውን በሽተኛ ልናንገላታ ነው? የሚተኛ ነገር አልፈልግም። ወረቀቱ ይመለስ።»

ልጅቷ ላፕቶፗ ላይ እንዳቀረቀረች ትቀራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጥፋቱ የሷ ከሆነ አትከራከርም። እናትየው በልቧ «እመቤቴ ድረሽ» ትልና ጉልበቷን ይዛ ትነሳለች።

«ዶክተር፣ እኔ ስንት ሰዓት ነበር የምገባው?»

«እርስዎማ አንድ ተኩል።»

«መስኮቱ የሚከፈተውስ?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ግማሹን ሰዓት ምን ስሠራበት ነበር?»

ዶክተሩ ቀጮዋን ያያል። ቀጮዋ ጣራውን ታያለች።

«ይኸው አያውቁትም። ቁልፉን እከፍታለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ የቀጠሮ ካርዶቹን አውጥቼ በየሐኪሙ እደረድራለሁ። መደርደሪያውም እኮ ሌሊቱን ይተኛ ነበር። ቀስቃሽ ስለነበረው ነው ተኝቶ ያላዩት።»

«እውነታቸውን ነው» ትላለች ቀጮዋ ሳቋን እየዋጠች። «እሳቸው ያመማቸው ቀን እስከ ሦስት ሰዓት አንድ ሰው አላስተናገድንም።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ቀና ትላለች። «ስምንት ወር ሁሉን ሳስብ ከርሜ፣ ያንቺን ግማሽ ሰዓት ረሳሁት።»

ዶክተሩ ቁልፉን በጣቱ ያዞረዋል። «እስከ አራት ሰዓት አያለሁ» ይልና በሩን ተደግፎ ይቆማል።

ሦስት ሰዓት ላይ ለጤና ምርመራ የመጡ ተማሪዎች የሞሉበት አውቶቡስ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ወዲያው ሌላ። አራቱም መስኮቶች ተጨናነቁ። እንዲህ ያለ ቀን ድሮ የእናትየውን ወገብ ይቆርጠው ነበር። ልጅቷን ስታያት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ላፕቶፑ ላይ የጠያቂውን ብዛት የምታሳይ አንዲት መስመር ዳገት እንደያዘ ሰው ከፍ፣ ከፍ ትላለች።

«ምነው፣ አትነኪውም?»

«ራሱ እየሰፋ ነው። ሰው ሲቀንስ ራሱ ይጠባል። አንቺ ብትሆኚ ይሄኔ ስንት ሰው ትጠሪ ነበር?»

«እኔማ ዘበኛውን ሳይቀር መሰላል ላይ አወጣው ነበር።»

ከሰልፉ አንዲት ሴት አንገቷን ወደ መስኮቱ ታስገባለች። «ዛሬ ምን ተገኘ? ገና ስሜን ሳልጨርስ ግቢ አሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ነው» ትላለች እናትየው። ሴትየዋ ዞር ልትል ስትል ግን አላስቻላትም። «ልጄ ናት የሠራችው። ያቺ፣ ጥግ ላይ ያለችው።»

አራት ሰዓት ሲሆን ዶክተሩ የመጋዘኑን ቁልፍ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ላይ ያንጠለጥላል። ሊወጣ ሲል ዞሮ፣ «ቀስቃሹ ግን ለነገ ይድረስ» ይላል።

ልጅቷ ወዲያው ትጀምራለች። መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ካርድ ጠይቆ ማሽኑን የሚያነቃ ትእዛዝ ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ የትእዛዙን ስምና ሰዓት ይጠይቃታል። ጽፋ ላፕቶፑን ወደ እናቷ ታዞረዋለች።

እናትየው መነጽሯን ታወጣለች። «እማዬ፣ በየቀኑ፣ 1:30» ይላል። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለቴ አነበበችው።

«በየቀኑ? እሁድማ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።»

«ውይ፣ እሱስ እውነት ነው» ትላለች ልጅቷ፣ ላፕቶፑን መልሳ።

እናትየው ቆማ ትጠብቃለች። ሠላሳ ዓመት መስኮቱን ከመክፈቷ በፊት ስታደርገው እንደኖረችው የሻሿን ጠርዝ በሁለት እጇ ታስተካክላለች። ልጅቷ ከስሙ ጎን ትጽፋለች፦ ከእሁድ በቀር።