ጠዋት ጠዋት የሚበላሸው ሰማያዊ

የባንዲራው ሕግ «ሰማያዊ» ብሎ ዝም ይላል። የቱ ሰማያዊ? አይናገርም። የጻፉት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው ሰማይ ያዩ አይመስሉም።

ሰዓሊው ይህን አንድ ቃል ይዞ ሲንገበገብ ከርሟል። ሰማያዊና ወርቃማ የሆነው የአገሩ ባንዲራ በየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በየመልኩ ይታያል፤ አንዱ ጋ ደብዝዞ፣ አንዱ ጋ ጠቁሮ፣ አንዱ ጋ ደግሞ እንደ ፎጣ ረዝሞ። ስለዚህ ኃላፊው አንድ ትክክለኛ ምስል እንዲያዘጋጅ አዘዙት። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ብቻ ነው። ሰዓሊው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ በዚህ ሥራ ስሙን ተክሎ መውጣት ይፈልጋል።

አብራው የተመደበችው ባልደረባው ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ቁጥር ካላየች የማታምን ስለሆነች መሥሪያ ቤቱ «ባለቁጥሯ» ይላታል። የኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ ይህ ሥራ ካማረ ቋሚ እንደምትሆን ተነግሯታል፤ እናቷንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። እሱ ደግሞ ዕድሜውን በብሩሽ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ነው። መለኪያው ዓይኑ ነው።

መጀመሪያ የተጣሉት በልኬት ነበር። እሱ ከመጋዘን የወጣውን አሮጌ ባንዲራ በሜትር ለካ። እሷ ሕጉን አነበበች፤ ስፋቱ ሁለት እጅ፣ ርዝመቱ ሦስት እጅ። አልገጠመም።

«ጋሼ፣ ጨርቅ እኮ ሲቆይ ይሰበሰባል። የሕጉን እንያዝ» አለችው።

«ይሁንልሽ» አለ። ደስ አላለውም።

ቀለሙን ግን ለማንም አልለቅም አለ። ባንዲራው ካርቶን ውስጥ ስለኖረ ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። ከስክሪኑ ጎን ሰቀለው። አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ስክሪኑን እያየ፣ ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ድረስ ያስተካክላል።

ያን ሰሞን ዓይኑ ያቃጥለው ነበር። አንድ ቀን መነጽሩን ረስቶ ወጣና ሚስቱ ይዛለት መጣች። እሷም በሆስፒታል መዝገብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ የምትውል ሴት ናት። እሱ ጨርቁን በፀሐይ ሊያየው ደጅ ወጥቶ ስለነበር ወንበሩ ላይ ሆና ጠበቀችው።

«ይሄ ብርሃን ነው ዓይንህን የሚፈጅህ» አለችው ሲመለስ።

«ተነሽ በይ፣ ሥራ ይዣለሁ» አላት። ስቃ ሄደች።

መከራው የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ማታ ከጨርቁ ጋር አንድ አድርጎት የሄደውን ሰማያዊ ጠዋት ሲከፍተው ይጮህበታል። ወርቃማውም ሎሚ መስሎ ይጠብቀዋል። ጥርሱን ነክሶ ያስተካክለዋል። ቀኑ ሲገባደድ ደግሞ ሰማያዊው ይፈዛል፣ ወርቃማው ብርቱካን ብርቱካን ይላል። እንደገና ያስተካክላል። በማግስቱም ያው ነው። የሚሠራውን ሁሉ ውሃ በላው።

ፋይሉን መክፈት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ እሱ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቀለም ነክተሽዋል?»

«አልነካሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሰይጣን ነው የሚነካው?»

«ቁጥሩን እንጻፈው። ሰማያዊው ስንት፣ ወርቃማው ስንት እንደሆነ። ያን ጊዜ በእርግጥ ተቀይሮ እንደሆነ ይታወቃል።»

«ቀለም እንደ ሽንኩርት በሚዛን አይሸጥም! ዓይን አለኝ።»

«እኔ ጋ ሲከፈት እኮ ቀን ላይ ደህና ነው። የሚበላሸው ማታ እርስዎ ካስተካከሉት በኋላ ነው።»

«ይኸው! ከሄድኩ በኋላ እንደሆነ ራስሽ አመንሽ።»

ወደ ስክሪኗ ዞራ ሥራዋን ቀጠለች። ይህ ይበልጥ አናደደው። በልኬቱ የረታችው አልበቃት ብሎ በቀለሙም ልታዋርደው እንደሆነ ገባው። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንበሩ ዝር እንድትል አልፈቀደላትም። እንቅልፍ አጣ፤ ቤት ሲገባም የሚያወራው ስለ እሷ ብቻ ሆነ።

ምስሉ የሚላክበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ሲከፍተው ያው የለመደው ጩኸት ነው። ደሙ ፈላ። አስተካከለውና ኃላፊው ዘንድ ገባ።

«ወይ እሷ፣ ወይ እኔ» አለ።

ኃላፊው ግንባራቸውን አሹ። «እርግጠኛ ነህ?»

«በዓይኔ ያየሁትን!»

ከሰዓት በኋላ ተጠርታ ኮንትራቷ እንደማይታደስ ተነገራት። ዕቃዋን በፌስታል ሰበሰበች። ሰዓሊው ሆዱ ባባ፤ ማየት አልቻለምና ኮሪደር ላይ ወጥቶ ቆመ።

በሩ ላይ ስትደርስ «ጋሼ፣ እባክዎ ቁጥሩን ይጻፉት» አለችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሰማያዊው ፈዟል። ወርቃማው ብርቱካን ሆኗል።

«መሰናበቻዋ መሆኑ ነው» አለ ለራሱ። የባባው ሆዱ መልሶ ጠነከረ።

ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጠ። ጨርቁን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ሁለቱ አንድ ሆኑ። ከዚያ ለሁሉም መሥሪያ ቤት፣ በውጭ አገር ላሉት ኤምባሲዎችም ጭምር ላከው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በየስክሪኑ የሚውለበለበው የሱ ሰማያዊ ነው። እንዲህ ቀሎት ወደ ቤቱ ከሄደ ስንት ጊዜው ነው!

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ፊቱን አይታ ደስ አላት።

«አለቀ?»

«አለቀ። ልጅቷም ሄደች፣ ተገላገልኩ።»

«ዓይንህስ?»

«እሱስ ማቃጠሉን ከተወኝ ሰነበተ።»

«አላልኩህም?» አለች ሚስቱ እራት እያቀረበች፤ «መነጽርህን ያመጣሁልህ ቀን እኮ፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ስክሪንህ ቀስ እያለ ወደ ቢጫ እንዲሄድ፣ ጠዋት ደግሞ እንዲመለስ አድርጌልህ ነው የወጣሁት።»