ለኔል የተነበበ ተረት

ለውሻ የሚነገር ቋንቋ ለእህት የሚነፈገው ለምንድን ነው? ሉኔድ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታወጣ ስታወርደው ኖራ መልሱን አላገኘችም። አሁንም ዝናቡ ከኮቷ ጫፍ እየተንጠባጠበ በወንድሟ ማድ ቤት በር ላይ ቆማለች። ኢድዋል በግ ጠባቂዋን ውሻ ኔልን በዌልሽኛ ሲያጫውታት ይሰማታል።

«አንቺ ጭቃ! ደግሞ የማንን ዶሮ ስታሯሩጪ ዋልሽ? ነይ ወደ እሳቱ፣ ነይ የኔ ወርቅ።»

ቀና ሲል እህቱን ያያል። ድምፁ ወዲያው ኮሌታውን ይቆልፋል።

«መጣሽ እንዴ? ግቢ እንጂ፤ ዝናብ ነው» ይላታል፣ በእንግሊዝኛ።

እናታቸው ሉኔድን በሦስት ዓመቷ ይዛት ወደ ካናዳ የስንዴ ሜዳ ሄደች፤ ኢድዋል ከአባቱ፣ ከላሞቹና ከበጎቹ ጋር እዚሁ ዌልስ ተራራ ላይ ቀረ። ዳግም የተያዩት ከሁለት ዓመት በፊት በአባታቸው ቀብር ነው። ያን ቀን «መንገዱ እንዴት ነበር?» አላት በእንግሊዝኛ፤ ከዚያ ወዲህ በመሃላቸው ሌላ ቋንቋ አላለፈም። በዚህ ሸለቆ ሁለት ሰው መጀመሪያ በተገናኘበት ቋንቋ ተጣብቆ ይቀራል። መለወጥ በሰው ፊት ልብስ እንደ መለወጥ ያሳፍራል።

እሷ ዌልሽኛን ያገኘችው ከመጻሕፍት ነው። በተዘጋው ጸሎት ቤት ጓዳ በካርቶን ተጥለው እርጥበት ካሳበጣቸው የተረት መጻሕፍት። መጀመሪያ የሕፃናቱን፣ ቀጥላ የአዋቂዎቹን፣ መዝገበ ቃላቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ቃላቱ እያደር በሕልሟ ይመጡ ጀመር፤ ትርጉማቸው ሳይገባት ትነቃለች፣ ጣዕማቸው ግን ምላሷ ላይ አለ። ሱቅ ገብታ አንድ ቃል ሲያደናቅፋት ባለሱቋ ታዝንላትና ወደ እንግሊዝኛ ትዞርላታለች። ሁሉም እንዲሁ ነው። በሩን የዘጋባት ደግነታቸው ነው።

የተከራየችው ቤት ውል ዓርብ ያበቃል። እስከዚያ ወንድሟ በዚያ ቋንቋ አንዲት ነገር እንኳ ካላላት ጓዟን ሸክፋ ወደ ካናዳ ልትመለስ ቆርጣለች። ይህን ለማንም አልነገረችም።

ኢድዋል እናቷ የሞተችባትን ግልገል ጭኑ ላይ አድርጎ ጡጦ ያጠባታል። ጡጦው ሳያልቅ መነሳት አይችልም። ሉኔድ ይህን አይታ ነው ከነዚያ መጻሕፍት አንዱን ከቦርሳዋ የምታወጣው።

«ምንድን ነው እሱ?» ይላታል በእንግሊዝኛ።

«ላንተ አይደለም። ለኔል ነው።»

መሬቱ ላይ ከውሻዋ ጎን ትቀመጥና በዌልሽኛ ማንበብ ትጀምራለች። አንድ ገበሬ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ ቤቱ ተነስቶ ቀስ እያለ ይራመዳል። ጠዋት በሩን ሲከፍት አንድ ቀን የጎረቤቱ ሣር ይጠብቀዋል፣ አንድ ቀን ስሙን የማያውቀው ወንዝ። ገበሬው ግን ያው ወንበሩ ላይ፣ ያው ምድጃው አጠገብ ነው፤ ስለዚህ አይከፋውም። ስታነብ ዝናቡ መስኮቱን ወደ ጎን ይጠርገዋል፣ ተራራው ከመስታወቱ ኋላ ይንሸራተታል፤ የተቀመጡበት ማድ ቤትም በለሆሳስ ቁልቁል የሚወርድ ይመስላታል።

ኢድዋል በአፍንጫው ይስቃል። ዓይኑን ከግልገሏ ሳያነሳ፣ «ኔል፣ ስሚያት እስቲ» ይላል በዌልሽኛ። «ከተቀበረ መቶ ዓመት የሆነው ሰባኪ አልመሰለችሽም?»

ሉኔድ ቀና አላለችም። ቀና ብትል ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ የምታባርር መሰላት።

«ኔል፣ ንገሪው» ትላለች የውሻዋን ጆሮ እያሻሸች። «ሰባኪው እንኳ ሰው ሲያናግረው ይመልስ ነበር።»

ኢድዋል ጡጦውን ቀና ያደርጋል። ከዚያ፦

«ላሞቹስ? ጠይቂያት። ቤቱ ሲሄድ ላሞቹ በምን አገኙት? ላም ሳትታለብ ስታመሽ አታውቂያትም እንዴ?»

«መጽሐፉ አይልም በዪው። በጭሱ ሽታ ይሆናል።»

«በጭስ!» ግልገሏ እስክትደነግጥ ይስቃል። «ኧረ ይቺ ልጅ ላም አይታ አታውቅም! በድምፅ ነው እንጂ። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ይጠራቸዋል።»

አንገቱን ያቀናና ይጠራል። ረጅም፣ መሃሉ ላይ ተሰብሮ እንደገና ሽቅብ የሚወጣ ጥሪ። ኔል ጆሮዋን አቁማ ትነሳለች። ያ ድምፅ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ሉኔድ ግን ታውቀዋለች። ከየት እንደምታውቀው አታውቅም። ትንሽ ሆና አንድ ቦታ ተኝታ፣ ድምፁ ከግድግዳው ወዲያ ሲያልፍ ብቻ ትዝ ይላታል።

«አባታችን እንዲህ ነበር የሚጠራቸው» ይላል ኢድዋል፣ አሁንም በዌልሽኛ።

ኔልን ሳይጠራ ነው ያለው። ዓይኖቹ እህቱ ላይ ናቸው።

ሁለቱም እኩል ሰሙት። የኢድዋል ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። ወደ ጡጦው አቀርቅሮ አየው፤ ባዶ ነው። ግልገሏን ሣጥኗ ውስጥ አስተኝቶ ተነሳ፤ ሱሪውን አራገፈ።

«መንገዱ ያንሸራትታል» አላት በእንግሊዝኛ። «ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ሉኔድ ከግቢው በር ወጥታ መኪናዋን ዳር አቆመች። የፊት መስታወቱ በትንፋሿ ደብዝዟል። ስልኳን አወጣችና በዌልሽኛ ጻፈች፤ ሰባኪ ሰባኪ የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ እየነቀለች ቀለል ያለው ብቻ እስኪቀር። «ቤቱን አልለቅም። ነገም እመጣለሁ።»

ላከችው። ወዲያው መነበቡን የሚናገረው ምልክት መጣ።

ኢድዋል መልእክት የሚያሳድር ሰው አይደለም፤ «እሺ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ደቂቃ ሳይሞላ ይልካል። ያቺ መልእክት ግን መልስ አላገኘችም። ያን ቀንም፣ በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ። በእንግሊዝኛም ቢሆን፤ በዌልሽኛ ለተጻፈለት ቃል በእንግሊዝኛ መመለስ አልሆነለትም።