ማንም አይስጋ

ለገንዘብ ሚኒስትሩ ንግግር የሚጽፈው ሰው፣ ሚስቱን በስንት ልመና አሳምኖ፣ ለቤት መግዣ ያጠራቀሙትን ብር በሙሉ አገሬው በሚሻማበት ዲጂታል ሳንቲም ላይ አዋለው። ዋጋው መንሸራተት ሲጀምር የዕለቱ ንግግር ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ "ዲጂታል ሳንቲማችን አስተማማኝ ስለሆነ ማንም አይስጋ።"

ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው ፈገግ እያሉ አነበቡት። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያባራ የሳንቲሙ ዋጋ በግማሽ ወረደ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጭራሽ የሚገዛው ጠፋ።

ጸሐፊው ለሚስቱ ደወለ።

"አፀደወይን፣ አለቀልን! ያለን ሁሉ ጠፋ!"

"ምኑ ነው የጠፋው?" አለችው። "ሚኒስትሩ 'ማንም አይስጋ' ሲሉ ወዲያው በስልኬ ሸጥኩት እኮ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? አንተ የምትጽፈውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምቼ!"